ፀረ ተባይ የሚሸጥ ድርጅት «ዘላቂ ነኝ» ሊል ይችላል?

ጥያቄው፦ «የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ ፀረ ተባይ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። የውጭ አቅራቢያችን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የዘላቂነት ሪፖርት (ሥራችን በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ የሚገልጽ) እንድንልክለት ጠይቆናል፤ ሥራውም ለእኔ ተሰጠኝ። ሥራ አስኪያጃችን ክረምት ላይ የተከልነውን ችግኝ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የሰጠነውን ደብተርና በቢሮው ጣራ ላይ ያስተከልነውን የፀሐይ ኃይል እንድጽፍ ነግረውኛል። የምንሸጠው መርዝ ሆኖ ሳለ ይህን ብቻ መጻፍ ግን ከበደኝ። ለመሆኑ በዚህ ዘርፍ ያለ ድርጅት ዘላቂ ሊባል ይችላል? ሪፖርቱስ ከየት ይጀምር? በእንግሊዝኛ ብቻ ቢጻፍስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ የከበደዎት ነገር በእርግጥም ከባድ መሆኑን ልንገርዎ። ችግኙም፣ ደብተሩም፣ የፀሐይ ኃይሉም መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ግን ስለ ቢሮአችሁ ነው፤ ስለምትሸጡት ዕቃ አንዳች ነገር አይናገሩም። የአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ዘላቂነት በአብዛኛው የሚመዘነው በግቢው ውስጥ በሚያቃጥለው ነዳጅና በሚለቀው ጭስ ነው፤ ሲሚንቶው ከበር ከወጣ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ፀረ ተባይ ደግሞ ሕይወት ያለውን ነገር እንዲገድል ተብሎ የሚሠራና ሆን ተብሎ በአፈር፣ በውሃና በምግብ ሰብል ላይ የሚረጭ ዕቃ በመሆኑ፣ ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ዕቃው ከመጋዘናችሁ ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ ነው። ስለዚህ አጭሩ መልሴ የሚከተለው ነው፦ በዚህ ዘርፍ ያለ ድርጅት ዘላቂ ሊባል ይችላል፤ ትርፉ በሸጠው ሊትር ብዛት ላይ ብቻ እንደተንጠለጠለ እስከቆየ ድረስ ግን አይችልም።

ሪፖርቱን ከሽያጭ መዝገባችሁ ይጀምሩት። ባለፈው ዓመት የሸጣችሁትን እያንዳንዱን ምርት በዋና ንጥረ ነገሩ ስም ይዘርዝሩና በዓለም ጤና ድርጅት የመርዛማነት ምድብ ይከፋፍሉት። ምድቡ በአይጥ ላይ በሚደረግ ሙከራ ግማሾቹን የሚገድለውን መጠን መሠረት ያደረገ ነው፤ በአፍ ሲወሰድ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም በታች የሚገድለው «1ሀ»፣ ከ5 እስከ 50 የሆነው «1ለ»፣ ከ50 እስከ 2,000 ያለው «2» ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያሉት መርዛማነታቸው እየቀነሰ ይሄዳል። በመያዣው ግርጌ ላይ የምታዩት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር የዚሁ ምድብ መግለጫ ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ እንዳይቆሙ። ይህ ምድብ የሚነግረን በዕለቱ የሚገድለውን ነው፤ በዓመታት ውስጥ ካንሰር የሚያመጣውን፣ ፅንስ የሚጎዳውን ወይም በተፈጥሮ ውስጥ ሳይበሰብስ የሚቆየውን አይነግረንም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እነዚህን ሁሉ አጠቃልለው «እጅግ አደገኛ ፀረ ተባዮች» ለሚባሉት ስምንት መለያዎች አውጥተዋል። ከምርቶቻችሁ ውስጥ ስንቱ ከስምንቱ በአንዱ እንደሚወድቅና ከጠቅላላ ሽያጫችሁ ምን ያህሉን እንደሚይዝ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ፣ ከሃያ ገጽ የችግኝ ፎቶግራፍ ይልቅ ስለ ድርጅታችሁ እውነቱን ይናገራል።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጅዎ «የመከላከያ ልብስ እንሰጣለን፣ ሥልጠናም እንሰጣለን» ሊሉ እንደሚችሉ እገምታለሁ። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ከዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት ያከፋፈለውን የጓንትና የጭምብል ቁጥር በየዓመቱ በሪፖርቱ ላይ በኩራት ያሰፍር ነበር፤ ቁጥሩን የማጠናቅረውም እኔ ነበርኩ። በአንዱ የበጋ ወቅት ወደ መቂ ወርጄ አንድ የቲማቲም አምራች ቤት ስገባ፣ የሰጠናቸው ጭምብል ከነላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ሰውዬው አላፈሩም። «በዚህ ሙቀት ይህን አድርጎ ማን ይተነፍሳል? እናንተ ስትመጡ አደርገዋለሁ» አሉኝ። በሪፖርታችን ላይ ያ ጭምብል «አንድ ተጠቃሚ» ተብሎ ተቆጥሯል። እኔ ይህን በመቂ ግድግዳ ላይ ከመማሬ በፊት ዓለም አቀፉ የፀረ ተባይ አያያዝ ሥነ ምግባር ደንብ ነገሩን ጽፎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ወጥቶ፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው መልኩ በ2013 የጸደቀው ይህ ደንብ፣ ሲጠቀሙበት የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ የመከላከያ ልብስ የሚያስፈልገው ፀረ ተባይ በተለይ በሞቃት አካባቢ ላሉ አነስተኛ ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች ጨርሶ ባይቀርብ እንደሚሻል ይደነግጋል። ስለዚህ ጭምብል ማደል የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያለ ጭምብል የሚረጭ ሰው እጅ ላይ ይህን ዕቃ መስጠት ነበረብን ወይ?» የሚለው ነው።

በነገራችን ላይ ገበሬው ፀረ ተባይን «መድኃኒት» ነው የሚለው፤ የሱቁ ባለቤትም፣ አንዳንዴ የእናንተ የሽያጭ ሠራተኛም እንደዚሁ። ቃሉን ከሰው አፍ መንጠቅ አይቻልም፤ በጽሑፋችሁ ውስጥ ግን አትጠቀሙበት። መድኃኒት መጠኑ ሲጨመር ይበልጥ ያድናል ብሎ የሚያምን ሰው መርጫውን እጥፍ አድርጎ ይሞላል፤ ከመድኃኒት የተረፈውንም አልጋ ሥር ያስቀምጣል።

የውጭ አቅራቢያችሁ ሪፖርት ጠያቂ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ እናንተም እሱን መጠየቅ አለባችሁ። ከምትገዙት ምርት ውስጥ በአቅራቢው በራሱ አገር መጠቀም የተከለከለ አለ ወይ? ይህ የሐሜት ጥያቄ ሳይሆን በዓለም አቀፍ ሕግ ሥር ያለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈረመውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የሮተርዳም ስምምነት፣ በዝርዝሩ ውስጥ የገባ አደገኛ ኬሚካል ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት ያ አገር አውቆ መፍቀዱን ወይም መከልከሉን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ፈረንሳይ ደግሞ አንድ እርምጃ አልፋ፣ በአውሮፓ የታገዱ ፀረ ተባዮችን አምርቶ ወደ ሌላ አገር መላክን ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ ሕጉ ባሉት ክፍተቶች ላይ ክርክር ቢኖርም አቅጣጫው ግልጽ ነው። የማይበሰብሱ በካይ ኬሚካሎችን የሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት በበኩሉ በ2011 እ.ኤ.አ. ኢንዶሰልፋን የተባለውን ፀረ ተባይ፣ በ2025 ደግሞ ክሎርፓይሪፎስ የተባለውን ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ጋር በሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከመምጣቱ ዓመታት አስቀድሞ ክርክሩ ይሰማል፤ ጆሮውን ከፍቶ የሚከታተል አስመጪ ዕቃውን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ የማይከታተለው ደግሞ ሊሸጠው የማይችለውን ክምችት ታቅፎ ይቀራል። ሥራ አስኪያጅዎን በሥነ ምግባር ማሳመን ካቃተዎት በዚህኛው ያሳምኗቸው።

የትልልቆቹን ኩባንያዎች ሪፖርት አንብበው ከሆነ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም፤ ብዙዎቹ ስለ ሊትርና ስለ ኪሎ ከመናገር ይቆጠባሉ። ለምሳሌ የጀርመኑ ፀረ ተባይ አምራች ባየር በ2030 እ.ኤ.አ. እቀንሰዋለሁ ያለው የሚሸጠውን መጠን ሳይሆን፣ ምርቶቹ በአንድ ሄክታር ላይ የሚያደርሱትን የአካባቢ ተጽዕኖ ነው፤ ግቡም ከ2014 እስከ 2018 ከነበረው አማካይ 30 በመቶ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን እንደ ማምለጫ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን በከፊል እደግፈዋለሁ። በአንድ ሄክታር ጥቂት ግራም ብቻ የሚረጭ አዲስ ንጥረ ነገር፣ አንድ ኪሎ ከሚረጭ አሮጌ ንጥረ ነገር ይልቅ ንብ ሊፈጅ ይችላል፤ ክብደት ብቻውን ያሳስታል። ችግሩ የተጽዕኖ ስሌቱ የሚሠራው በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ጊዜና በማያፈስ መርጫ ተረጨ ብሎ በማሰብ ላይ መሆኑ ነው። እኛ አገር የጀርባ መርጫ ከቧንቧው ስር እያንጠባጠበ የገበሬውን ጀርባ ሲያርስ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ የእናንተ ሪፖርት ሁለቱንም ይያዝ፦ መጠኑንም፣ የአደጋ ምድቡንም። የዘላቂነት ሪፖርት መለኪያዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ግሎባል ሪፖርቲንግ ኢኒሼቲቭ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእርሻ ዘርፍ መለኪያ፣ ጂ.አር.አይ. 13፣ እርሻዎች የተጠቀሙትን ፀረ ተባይ መጠን በአደገኛነት ደረጃ ከፋፍለው እንዲገልጹ ይጠይቃል። መለኪያው የተጻፈው ለአምራች እርሻዎች ቢሆንም፣ ሻጭ ቢከተለው የሚከለክለው የለም፤ ደንበኞቻችሁ የሆኑት የአበባ እርሻዎች ነገ ከናንተ የሚፈልጉትም ይህንኑ መረጃ ነው።

አሁን ወደ ባዶው መያዣ እንምጣ፤ ይህ በአገራችን ሁኔታ ብዙ የሚያወያይ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ከቢሮአችሁ ወደ መርካቶ ጥቂት ቢጓዙ ምናለሽ ተራ ይደርሳሉ። እዚያ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ዋጋ አለው፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚለቅመውም ዋጋ ስላለው ነው። በገጠርም ነገሩ ያው ነው። አምስት ሊትር የሚይዝ ጠንካራ፣ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ለአንድ ቤተሰብ ንብረት ነው፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ወይም ጋዝ ይያዝበታል። «ባዶውን መያዣ ለሌላ አገልግሎት አታውሉ» የሚለው የመያዣው ላይ ጽሑፍ ይህን ዋጋ ሊያሸንፍ አይችልም። ዋጋ ያለውን ነገር ከሰው እጅ የሚያስወጣው ሌላ ዋጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገበሬው መያዣውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ ወግቶና በስቶ ሲመልስ የሚቀነስለት ወይም የሚከፈለው ነገር ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ራሱ ቀላል ሥራ ነው፦ ጠርሙሱ ጨርሶ እስኪንጠፈጠፍ ይገለበጣል፣ ሩቡ ያህል ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል፣ ክዳኑ ተዘግቶ ለ30 ሴኮንድ ያህል ይናጣል፣ ውሃውም ወደ መርጫው ተገልብጦ ከቀረው ጋር ማሳው ላይ ይረጫል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ገበሬው የከፈለበት ኬሚካል ስላይባክን ይጠቅመዋል፤ መያዣውም ከአደገኛ ቆሻሻነት ወደ ተራ ፕላስቲክነት የሚጠጋው በዚህ መንገድ ነው። ያልታጠበው ግን በአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መንፈስ መታየት ያለበት ነገር ነው፤ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣልም፣ ማሳ ዳር ማቃጠልም አይገባውም።

በዚህ ረገድ ብራዚል የምትጠቀስበት ምክንያት አላት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕጓ ግዴታውን ለሦስት አካፈለው፦ ገበሬው አጥቦ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲመልስ፣ ሻጩ የመመለሻ ቦታ እንዲያዘጋጅ፣ አምራቹ አጓጉዞ እንዲያስወግድ። አምራቾቹ ለዚሁ ሥራ ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ ከገበያ ከሚወጣው ዋና የፕላስቲክ መያዣ ከ90 በመቶ በላዩን ይሰበስባል። የብራዚል ሰፋፊ እርሻዎች ከእኛ ግማሽና ሩብ ሄክታር ማሳ ጋር እንደማይመሳሰሉ አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰፊ እርሻ በመኪና መመለስ ቀላል ነው፣ ለኛ ገበሬ ግን ከሱቁ ሁለት ሰዓት በእግር ሊርቅ ይችላል። ሆኖም ግዴታው የሦስት ወገን መሆኑ ሊቀዳ ይችላል፤ እስከዚያው ግን እናንተ ብቻችሁን በሦስት ወረዳዎች ብትጀምሩ ይበቃል።

እዚህ ላይ ያልተፈታ ቅራኔ አለ። አንድ ሊትር ሙሉ የማያስፈልገው ወይም መግዛት የማይችል ገበሬ ወደ ሱቅ ሲመጣ፣ ባለሱቁ ከትልቁ ጀሪካን ቀድቶ ሰው በልማድ «ሃይላንድ» በሚለው የውሃ ፕላስቲክ ይሸጥለታል። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው፤ ቤት ሲደርስ ሕፃን ውሃ መስሎት ቢጠጣው የሚደርሰውን መገመት አያዳግትም። መፍትሔው በ100 እና በ250 ሚሊ ሊትር የታሸገ ምርት ማቅረብ ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ሊትር አራት ወይም አሥር ጠርሙስ ማለት ስለሆነ የፕላስቲኩን ቁጥር ያባዛዋል። እኔ ያለማመንታት ትንሹን ጠርሙስ እመርጣለሁ፤ የፕላስቲክ ክምር በኋላ ሊሰበሰብ ይችላል፣ የተመረዘ ሕፃን ግን አይመለስም። በሪፖርታችሁ ላይ ግን ምርጫውን ከነዋጋው ጻፉት። ትንሹ ማሸጊያ በመጀመራችሁ ፕላስቲኩ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ሳይሸሽጉ መናገር አንባቢ እንዲያምናችሁ ያደርጋል።

ስለ መጋዘን በአጭሩ። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በሽቫይትሰርሃለ፣ ኅዳር 1 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. የሳንዶዝ ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል በውስጡ 1,350 ቶን ገደማ ኬሚካል ነበር። የራይን ወንዝን ያቀላውና ዓሣዎቹን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የፈጀው እሳቱ ራሱ አልነበረም፤ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ኬሚካሉን ይዞ ወደ ወንዙ መውረዱ ነው። እኔ በከተማችን አንድ የፀረ ተባይ መጋዘን ስጎበኝ በመጀመሪያ የማየው የእሳት ማጥፊያውን ሳይሆን የወለሉን ተዳፋት ነው፦ ውሃ ቢፈስ ወዴት ይሄዳል? ባንተይቀጡና ቀበና ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ዳር አትክልት በመስኖ ይለማል፤ ያ አትክልትም ተመልሶ የአዲስ አበባ ሰው ማዕድ ላይ ይቀርባል። በመጋዘኑ በር ላይ የሚሠራ ከፍ ያለ ደፍና የፈሰሰውን የሚይዝ ጉድጓድ ከጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል ርካሽ ነው፤ በሪፖርት ፎቶግራፍ ግን አያምርም፤ ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው።

ከመጋዘኑ ጋር የተያያዘው ሌላው ነገር ጊዜው ያለፈበት ክምችት ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት ወስዳለች። ለአስርት ዓመታት ለአንበጣ፣ ለተምችና ለሌላም ተብሎ የገባ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶ፣ በርሜሉ ዝጎ መሬት ሲገባ ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ድጋፍ 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተጭኗል። መርዙን ለመግዛት አንድ ጊዜ፣ ለማስወገድ ደግሞ ሌላ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሏል ማለት ነው። ብዙ ፀረ ተባይ ከተመረተ በኋላ የሚቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በባሕር፣ በጅቡቲ ወደብና በጉምሩክ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ ለሽያጭ የሚቀረው ከሚታሰበው ያጠረ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሊትር ጊዜው እንዳለፈበት፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ እንደሚያልፍበት የሚገልጽ አንድ መስመር በሪፖርታችሁ ውስጥ እንዲኖር እመክራለሁ። ይህን መስመር የጻፈ ድርጅት አዲስ ዕቃ ሲያዝዝ ይጠነቀቃል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ትርፉ በሊትር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ድርጅት ዘላቂ ሊባል አይችልም ያልኩት፣ በየትኛውም ድርጅት ውስጥ እውነተኛው የዘላቂነት ፖሊሲ የሽያጭ ሠራተኛው ኮሚሽን የሚታሰብበት ሠንጠረዥ ነው ብዬ ስለማምን ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈው መፈክር «የተቀናጀ የተባይ መከላከል» (ኬሚካልን የመጨረሻ አማራጭ የሚያደርግ አሠራር) ቢልም፣ የወር መጨረሻ ክፍያው በተሸጠ ካርቶን የሚሰላ ወጣት፣ ሞጆ አካባቢ ማሳ ላይ ቆሞ «ተባዩ ገና ጥቂት ስለሆነ አሁን አይርጩ፣ ከሳምንት በኋላ ይዩት» ብሎ ይመክራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ያ ወጣት ክፉ አይደለም፤ የቤት ኪራይ አለበት። ይህን ሳታስተካክሉ የምትሰጡት ሥልጠና ሁሉ ከኮሚሽኑ ጋር ይጣላል፤ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው ኮሚሽኑ ነው።

ይህ ለራሱ ለድርጅቱም የማይበጅበት ምክንያት አለ። ያለ ገደብ የሚረጭ ኬሚካል ተባዩን ያለማምደዋል። በአበባና በአትክልት ላይ ቀይ ሸረሪት የሚባለው በጣም ትንሽ ተባይ በተደጋጋሚ በአንድ ዓይነት ኬሚካል ሲረጭ፣ የማይሞቱት ይተርፉና ይራባሉ፤ ከጥቂት ወቅቶች በኋላ ገበሬው መጠኑን ይጨምራል፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት ደባልቆ ይረጫል፣ በመጨረሻም «ይህ ዕቃ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይተወዋል። አምራቾቹ ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ የነፍሳትን መላመድ የሚከታተል የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1984 አቋቁመው ኬሚካሎቹን ተባዩን በሚገድሉበት መንገድ በቁጥር መድበዋል፤ በብዙ መያዣዎች ላይ ያለው የምድብ ቁጥር የዚያ ውጤት ነው፤ ከመርዛማነት ምድቡ የተለየ ነው። ሻጫችሁ ለገበሬው «ባለፈው የረጩት ምድብ 3 ነበር፣ አሁን ሌላ ምድብ ይጠቀሙ» ማለት ከቻለ ምርታችሁን ከሞት አድኖታል። ማለት ያልቻለ እንደሆነ፣ ሦስት የተለያየ የንግድ ስም ያላቸውን ግን ውስጣቸው አንድ የሆነ ዕቃ እያፈራረቀ ይሸጥለታል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው።

ከሊትር የተላቀቀ ገቢ ሊኖር እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባቱ ሐይቅ አካባቢና በሌሎችም የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ፋይቶሴዩለስ የሚባል ጥቃቅን አዳኝ ሸረሪት ማሰማራት ከተጀመረ ቆይቷል። የአበባ እርሻ ይህን የሚያደርገው በአውሮፓ ያለው ገዢ የኬሚካል ዝርዝሩን ስለሚጠይቀው፣ የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበርም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የአሠራር ደንቡ ስለሚመራው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኬሚካሉ መሥራት ስላቆመ ነው። ለዚህ እርሻ የሚያገለግል አቅራቢ የሚሸጠው አዳኙን ሸረሪት፣ በየሳምንቱ ቅጠል የሚቆጥር ሠራተኛና ምክር ነው። ለአነስተኛ ገበሬ ደግሞ የርጭት አገልግሎት የሚሰጡ የሠለጠኑ ወጣቶችን ማደራጀት አለ፤ ወጣቱ የሚከፈለው በሄክታር ስለሆነ መጠን የሚያበዛበት ምክንያት የለውም፤ መርጫው የሚያፈስ ከሆነም የሚጠግነው እሱ ነው፤ ባዶ መያዣውም በአንድ ሰው እጅ ስለሚቀር መሰብሰቡ ይቀላል። ድርጅታችሁ በዚህ ዓመት ከጠቅላላ ገቢው ስንት በመቶውን ከኬሚካል ውጭ ካለ ምርትና አገልግሎት እንዳገኘ ይጻፍ። ምናልባት 2 በመቶ ይሆናል። ይጻፍ።

ሥራ አስኪያጅዎ የሚፈሩት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቁጥሮችን ማሳየት ይመስለኛል። ለምሳሌ 40,000 ጠርሙስ ሸጣችሁ 1,200 ብቻ ቢመለስላችሁ፣ ውጤቱ 3 በመቶ ነው፤ ዓይን የሚስብ ቁጥር አይደለም። ነገር ግን የዘላቂነት ሪፖርት የሚያነብ ባለሙያ በመጀመሪያው ዓመት ትልልቅ ቁጥሮችን ሲያይ ይጠራጠራል፤ የሚፈልገው መነሻና ከዓመት ዓመት የሚነጻጸር ልክ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ስለ ምዝገባም አንድ አንቀጽ ይኑር፦ የምትሸጡት እያንዳንዱ ምርት በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበ መሆኑን፣ ለየትኛው ሰብልና ተባይ እንደተመዘገበ፣ እናንተም ለዚያ ብቻ እንደምትሸጡት ይገልጽ። ለጥጥ የተመዘገበን ዕቃ ለቲማቲም መሸጥ በየሱቁ ያለ ነገር ነው፤ ከመቂና ከባቱ የሚጫነው ቲማቲም ደግሞ እኔና እርስዎ ምሳ ላይ የምንበላው ነው።

የፀሐይ ኃይሉን በተመለከተ፣ የአስመጪ ድርጅት ዋናው የካርቦን ድርሻ በውጭ አገር ማምረቻው፣ በመርከቡና በጭነት መኪናው ላይ ስለሆነ፣ የቢሮው መብራት ከጠቅላላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው ይለፉት። ችግኙም በአረንጓዴ አሻራ የተከላችሁት እንደሆነ፣ ስንቱ እንደጸደቀ ተቆጥሮ ቢጻፍ እንጂ ስንቱ እንደተተከለ ብቻ ቢጻፍ ለአንባቢ የሚነግረው ጥቂት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ቋንቋው ነበር። ለአቅራቢው የሚላከው በእንግሊዝኛ መሆኑ ግድ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሪፖርት ውስጥ የሱቅ ባለቤቱን የሚመለከቱት ነገሮች፣ ማለትም የትኛው ምርት ከገበያ እንደሚወጣና መቼ፣ ባዶ መያዣ የት እንደሚመለስና ስንት እንደሚከፈልበት፣ የምድብ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ፣ ሰው ሲመረዝ ምን እንደሚደረግና የት እንደሚደወል፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና እንደየአካባቢው በሌላም ቋንቋ በአንድ ገጽ ታትመው በየሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለባቸው። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ ብዙዎቹ ሱቆች ጨለማ ናቸው፤ ገጹንም በላስቲክ ሸፍኑት፣ ካለዚያ ከአንድ ክረምት አያልፍም።